የአባቴን ጃጓር ወንድሜ ሊያድሳት ይፈልጋል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ስለ ድሮ የእንግሊዝ የቅንጦት መኪኖች የሚጠይቁ ናቸው። የመጀመሪያዋ ጠያቂ የሚኖሩት እኔም በምኖርባት በጅማ ስለሆነና መኪናዋን በዓይኔ እንዳያት ስለ ፈቀዱልኝ፣ ሰፊውን ቦታ ለእሳቸው ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ አባቴ የቡና ነጋዴ ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. ሥራውን ጨርሶ ወደ ሀገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ ሰው ጃጓር ማርክ 2 መኪና ገዙ፤ ሞተሯ ባለ 3.4 ሊትር፣ ቀለሟ ግራጫ፣ ወንበሯ ቀይ ቆዳ ነው። እስከ ዕለተ ሞታቸው ለማንም አላዋሷትም፤ እሑድ እሑድ ራሳቸው እየወለወሉ፣ በዓመት አንድ ሁለቴ አዲስ አበባ ድረስ እየነዱ አቆዩአት። ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። መኪናዋ ግቢያችን ውስጥ ከቆርቆሮ ዳስ ሥር ቆማለች፤ ታናሽ ወንድሜ በየሁለት ሳምንቱ ሞተሯን እያስነሣ ለአሥር ደቂቃ ያህል ያቆያታል። አሁን ታላቅ ወንድሜ ቀለሟ ተፍቆ ነጭ እንድትቀባ፣ ወንበሮቿ በአዲስ እንዲለበጡ፣ ሞተሯም ወጥቶ የቶዮታ ሞተር እንዲገባላትና ለሰርግ እንድትከራይ ይፈልጋል። እኔ እምቢ ብያለሁ፤ እምቢታዬን በምክንያት ማስረዳት ግን አቃተኝ። ሰው በእንዲህ ያለች አሮጌ መኪና የሚማረከው ምኗን አይቶ ነው? ወይስ የአባቴ ስለሆነች ብቻ ነው የሳሳሁላት? የጅማ እርጥበትስ ሳያበላሻት እንዴት ላቆያት?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ አባትዎን ነፍስ ይማርልን። ባለፈው ቅዳሜ ዝናቡ ካባራ በኋላ ግቢያችሁ ስደርስ ታናሽ ወንድምዎ ኮፈኑን ሊከፍቱልኝ ተጣደፉ፤ እኔ ግን አስቀድሜ የሾፌሩን በር ጠየቅሁ። የድሮ መኪናን ጤንነት ከሞተሩ በፊት በሩ ይናገራል፤ ማጠፊያው የላላ ወይም ወለሉ የበሰበሰ መኪና በሩ ሲዘጋ ይንኳኳል፣ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ካልተወረወረም አይገጥምም። የአባትዎ መኪና በር ግን በሁለት ጣት ገፋ ሳደርገው እንደ ከባድ ሣጥን ክዳን አንዴ ድም ብሎ ገጠመ። ከ60 ዓመት በላይ የኖረ በር እንዲህ ሲዘጋ ስሰማ፣ ከዚያ በኋላ የማየውን ሁሉ በተስፋ ነው ያየሁት።

ውስጧ ስገባ የተቀበለኝ የቆዳ፣ የእንጨትና የዘይት ሽታ ነው፤ ከእነዚህም ሥር ረጋ ያለ የጥሬ ቡና ሽታ አለ፤ አባትዎ የናሙና ቡና በኋላ ወንበር ላይ ይዘው ይጓዙ እንደ ነበር ታናሽ ወንድምዎ ነግረውኛል። ከፊት ያለው ሰሌዳ በስሱ በተላጠ የዋልነት እንጨት የተለበጠ ነው። ከአንድ ግንድ ተከታትለው የተላጡት ስስ ቅጠሎች እንደ መጽሐፍ ገጽ ተገልጠው ጎን ለጎን ስለሚለጠፉ፣ በቀኝ በኩል ያለው የእንጨቱ ጅማት በግራ በኩል ካለው ጋር ፊት ለፊት የሚተያይ ይመስላል። መካከሉ ላይ ትንንሽ ጌጆች፣ ከሥራቸውም በአንድ መስመር የተሰለፉ ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉ። ሞተሩን የሚያስነሣው ቁልፉ ሳይሆን ለብቻው የተቀመጠ በተን ነው፤ የዚህ በተን ፊት በአባትዎ አውራ ጣት ተሽቶ ተሽቶ ለስልሷል። ከፊት ወንበሮቹ ጀርባ ለኋላ ተሳፋሪዎች የሚዘረጉ ሁለት ትንንሽ የእንጨት ጠረጴዛዎች አሉ፤ በግራው ጠረጴዛ ላይ የሲኒ ግርጌ ያተመው ክብ ምልክት አየሁ። ወደ እሱ ኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልግባ፤ ሰው የሚማረከው ምኗን አይቶ ነው? ለዚህ መልስ ለመስጠት መኪናዋ ከየት እንደ መጣች ማወቅ ይጠቅማል። የጃጓር መሥራች ዊልያም ላይንስ እ.ኤ.አ. በ1922 ብላክፑል በተባለችው የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ከሸሪኩ ጋር ሆኖ ከሞተር ብስክሌት ጎን የሚገጠም የተሳፋሪ መቀመጫ በመሥራት የጀመረ ሰው ነው። ኋላ ኮቨንትሪ ላይ መኪና ፋብሪካ ካቋቋመም በኋላ የመኪናዎቹን ቅርጽ የሚወስነው በወረቀት ላይ በመሳል አልነበረም፤ ላሜራ ቀጥቃጮቹን ከጎኑ አስቁሞ በትክክለኛ መጠኑ ሞዴል ያሠራና ቤቱ ድረስ አስመጥቶ በቀን ብርሃን ፊት ለፊት፣ ከጎንና ከኋላ ያየው ነበር፤ መስመሩ ደስ ካላለው እንደገና ያስቀጠቅጠዋል። የመኪናዎን የጎን መስመር ከፊት መብራቱ ተነሥተው እስከ ኋላ ጎማው በመዳፍዎ ቢዳስሱት የትም ቦታ ስብራት አያገኙም። ይህ በዓይን ተፈርዶ በእጅ የተሠራ ነገር ጠባይ ነው፤ እኛ ጅማ ውስጥ ከአንድ ወጥ ግንድ የተጠረበ በርጩማ አይተን የምናደንቀውም ይህንኑ ነው።

ማርክ 2 ገበያ ላይ የወጣችው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1959 ሲሆን፣ ከሷ በፊት ከነበረችው ሞዴል የመስኮቶቿ መስታወት ሰፍቶ፣ ጣሪያውን የሚሸከሙት ምሰሶዎች ቀጥነው፣ አራቱም ጎማዎች ዲስክ ፍሬን ተገጥሞላቸው ነበር። እስከ 1967 ድረስ በ2.4፣ በ3.4 እና በ3.8 ሊትር ሞተር ከ83 ሺህ በላይ ተሠርተዋል። ዋጋዋ በዚያን ጊዜ ከነበረው ቤንትሌ ከግማሽ በታች ነበር፤ ስለዚህ የቤተ መንግሥት መኪና አልነበረችም፤ ሐኪሙ፣ ጠበቃው፣ የተሳካለት ነጋዴ ራሱ የሚነዳት መኪና ነበረች። የእንግሊዝ ፖሊስ በአዲሶቹ ፈጣን መንገዶች ላይ ለቁጥጥር የተጠቀመባት እሷን ነው፤ ባንክ ዘርፈው የሚያመልጡ ሌቦችም የሚመርጧት እሷኑ ነበር፤ አራት ሰው ከነሻንጣው ይዞ በሰዓት ከ190 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጥ መኪና በዚያ ዘመን እንደ ልብ አይገኝም ነበርና።

ታላቅ ወንድምዎ አውጥተው ሊጥሉት ያሰቡት ሞተር ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከቦምብ የሚነሣ እሳት ፋብሪካውን እንዳይበላው ላይንስና መሐንዲሶቹ ዊልያም ሄይንስ፣ ዎልተር ሀሳንና ክሎድ ቤይሊ ሌሊት ተራ ገብተው ሲጠብቁ ስለ መጪው ሞተር ይመክሩ ነበር። የምክራቸው ውጤት ኤክስ ኬ የተባለው፣ ስድስት ሲሊንደሮቹ በአንድ መስመር የቆሙ፣ ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ከአሉሚኒየም የተሠራና ሁለት ካምሻፍት (ቫልቮችን የሚከፍቱ ዘንጎች) ከላይ የተሸከመ ሞተር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1948 ታየ። ይህ ሞተር በፈረንሳይ ለማን ከተማ የሚካሄደውን የ24 ሰዓት ውድድር በ1951፣ በ1953፣ ከዚያም ከ1955 እስከ 1957 ድረስ በተከታታይ፣ በድምሩ አምስት ጊዜ አሸንፏል። ዲስክ ፍሬንም ቢሆን ጃጓር በ1953ቱ ውድድር ላይ ፈትኖት ነው ወደ ቤተሰብ መኪና ያመጣው። አባትዎ ከወልቂጤ በኋላ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርዱ፣ በዚያ ረጅም ቁልቁለት ላይ የጊዜው ታምቡሮ ፍሬን ግሎ የሚከዳቸው መኪኖች ጥግ ይዘው ሲቆሙ፣ እሳቸው ሳይሠጉ ይወርዱ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ አንዲት ጃጓር ለምን እንደምትወደድ ተናግሬአለሁ፤ የአባትዎ ጃጓር ከሌሎቹ ለምን እንደምትለይ ግን ገና አልነገርኩዎትም። ከድሮ መኪኖች መካከል ብዙዎቹ ተጥለው የበሰበሱ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ሁለመናቸው ተበትኖ እንደ አዲስ ተሠርተዋል፤ ከሁሉም የሚያንሱት እንደ ተሠሩ ሳይበተኑ፣ በአንድ ሰው እጅ ተጠብቀው የኖሩት ናቸው። የእርስዎ መኪና ከነዚህ ነች። ኮፈኑ ጠርዝ ላይ ግራጫው ቀለም ሳስቶ ሥሩ ያለው የመጀመሪያ ልባስ ብቅ ብሏል፤ ይህ የአባትዎ ጨርቅ ለአሥርታት በዚያው አቅጣጫ ሲመላለስ የሠራው ነው። የሾፌሩ ወንበር ቆዳ በግራ ጠርዙ ተሰነጣጥቋል፤ ከመኪና ሲወርዱ የሚደገፉበት ነው። ገንዘብ ያለው ሰው አዲስ ቀለምና አዲስ ቆዳ መቼም ሊገዛ ይችላል፤ እነዚህን ሁለት ምልክቶች ግን የሚሸጥለት የለም፤ አንዴ ከተፋቁም ማንም ባለሙያ መልሶ አያመጣቸውም። ስለዚህ «የአባቴ ስለሆነች ብቻ ነው ወይ?» ላሉት መልሴ፣ የእርስዎን ስስትና የባለሙያውን አድናቆት የሚያመጣው ነገር አንድ ነው የሚል ነው። ሁለታችሁም የምታዩት አንድ ሰው ለአንድ ዕቃ የሰጠውን የዕድሜ ልክ ጥንቃቄ ነው።

ይህን የምለው ከቁጭት ተነሥቼ ጭምር ነው። ከ20 ዓመት በፊት ከአጎቴ የወረስኩትን ሀምበር የተባለ የእንግሊዝ መኪና «እናሳምርልህ» ላለኝ አንድ ጋራዥ ሰጠሁት። ዝገቱን ቆርጠው በማውጣት ፈንታ ስቱኮ ሞልተው ቀቡት፤ ቆዳውን ገፈው ፕላስቲክ አለበሱት፤ የእንጨቱን ሰሌዳ በኮምፔርሳቶ ተኩት። ሲያስረክቡኝ አብረቅራቂ ነበር፤ ሁለት ክረምት ሳያልፍ ቀለሙ እንደ ተቀቀለ ወተት አረፋ አወጣ። አሮጌውን ቆዳ ፍለጋ ተመልሼ ስሄድ ለጫማ ጥገና ተቆራርጦ አገኘሁት፤ አጎቴ በሲጋራ ያቃጠሉትን ትንሽ ቀዳዳ አይቼ ነው ያወቅሁት።

አሁን ወደ ሞተሩ። ታላቅ ወንድምዎ ሞተሩ ደክሟል የሚሉት ጥቁር ጭስ ስለሚያወጣና ካንዴላዎቹ ጥላሸት ስለሚለብሱ ነው። ካንዴላዎቹን ፈትቼ አይቻቸዋለሁ፤ የለበሱት ደረቅ ጥላሸት ነው፤ ሞተር ዘይት ሲበላ የሚታየው እርጥብ ቅባት የለባቸውም። ይህም የሚሆነው በሁለት ምክንያት ይመስለኛል። አንደኛው ከፍታው ነው፤ ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ላይ ስለምትገኝ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ፋብሪካው 210 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ ከስድስት አንድ እጁን ያህል ያጣል፣ ካርቡራተሩም ለዚህ አየር ካልተስተካከለ ቤንዚኑ ይበዛል። ሁለተኛው፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ታናሽ ወንድምዎ በቅን ልቦና የሚያደርጉት ነገር ነው። በዚህ ሞተር ላይ ብርድ ሲሆን ተጨማሪ ቤንዚን የሚሰጥ፣ ውሃው ሲሞቅ በራሱ የሚዘጋ ትንሽ ረዳት ካርቡራተር አለ። መኪናዋ ቆማ አሥር ደቂቃ ብቻ ስትሠራ ይህ ረዳት ሳይዘጋ ሞተሩ ይጠፋል፤ ቤንዚኑ ካንዴላውን ያጠቁራል፣ ዘይቱን ያቀጥናል፣ በጭስ ማውጫው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃም ሳይደርቅ ቀርቶ ቧንቧውን ያዝገዋል። በየሁለት ሳምንቱ አሥር ደቂቃ ከማስነሣት በወር አንድ ጊዜ ሰርቦ ድረስ ነድቶ መመለስ ለሞተሩም፣ ለካምቢዮውም፣ ለፍሬኑም ይሻላል። ያን ቀን ከታናሽ ወንድምዎ ጋር ግማሽ ሰዓት ያህል ከነዳናት በኋላ ጭሱ ቀነሰ፤ ሞተሩ በደንብ ሞቆ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር የዘይት ግፊቱ ጌጅ 40 ላይ ቆመ፤ ለዚህ ሞተር የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ነዳጅ ትበላለች መባሉ ግን እውነት ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር ከ15 ሊትር በላይ ትጠጣለች። ሰልባቲዮዋ ወደ 54 ሊትር ገደማ ስለሚይዝ፣ አባትዎ ጅማ ሞልተው ተነሥተው ያንን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ሲጨርሱ እምብዛም አይተርፋቸውም ነበር። በየቀኑ ለሚነዳ ሰው ይህ ከባድ ወጪ ነው። ለሰርግ በከተማ ውስጥ ጥቂት ኪሎ ሜትር ለምትሄድ መኪና ግን የቶዮታ ሞተር የሚያተርፈው ቤንዚን ለመግጠሚያው የሚወጣውን ገንዘብ አይመልስም፤ የሚያጎድለው ዋጋ ደግሞ ይበልጣል። ለሰርግ መከራየቷን እኔ አልቃወምም። ግራጫ ጃጓር ከነቀይ ወንበሯ ሙሽሮችን ይዛ ስትቆም፣ በየሰርጉ ከሚታዩት ነጭ መኪኖች መካከል ሰው የሚያስታውሳት እሷን ነው። ታላቅ ወንድምዎ ገቢ ማግኘት ከሆነ ፍላጎታቸው ሳይነኳት ያገኙታል፤ በዚህ እንድትስማሙ እመኛለሁ። ሌላም የሚያስቡት ነገር ይኑር፤ መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ባወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባት እጅግ ውድ ሆኗል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። እዚህ ሀገር ያለችው ከጠፋች ምትክ ለማምጣት መንገዱ ጠባብ ነው።

ስለ እርጥበቱ። ጅማ ክረምቷ ረጅም፣ በበጋም ዝናብ የማያጣት ከተማ መሆኗን ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም። ማርክ 2 እንደ ድሮ የጭነት መኪኖች ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፤ ጥንካሬዋ ያለው ራሱ ቦዲው ላይ ነው። ስለዚህ ከበሮቹ ሥር የሚያልፈው ረጅም የላሜራ ሣጥን ከዛገ፣ የዛገው ጌጥ ሳይሆን ምሰሶ ነው። ከዚህ ሣጥን ሌላ የሚፈሩት ቦታዎች ክሪክ የሚገባባቸው ጉድጓዶች፣ የኋላ ባሌስትራዎች የሚታሰሩባቸው ቦታዎችና የፊት ፓራፋንጎዎቹ ከመብራቱ በላይ ያለው ጉያቸው ናቸው። ሁሉንም በባትሪ መብራት አየኋቸው፤ በቀኝ ክሪክ ማስገቢያ አጠገብ መዳፍ የማይሞላ ዝገት አለ፣ ሌላው ጤነኛ ነው። ያንን ዝገት ቆርጦ በላሜራ የሚበይድ ባለሙያ ይፈልጉ፤ ስቱኮ የሚያነሣ እጅ ግን አይንካት። በበሮቹ ግርጌ ያሉትን የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎችም በቀጭን ሽቦ ይጥረጉ፤ ሁለቱ በአቧራና በቅጠል ተደፍነው አግኝቻቸዋለሁ።

ያለበሳችኋትን ላስቲክ ዛሬውኑ አውርዱት። ላስቲክ ከላይ የሚመጣውን ዝናብ ቢከለክልም ከመሬት የሚነሣውን እንፋሎት ስለሚያፍን፣ ጠዋት ገልጣችሁ ስታዩ ኮፈኑ ላይ የምታገኙት ጤዛ ከዚያ የመጣ ነው። በፈንታው ከአቡጀዲ የተሰፋ ሰፊ ልብስ አልብሷት፤ ዳሱን ከሁለት ጎን ክፍት አድርጋችሁ ወለሉን በጠጠርና በሲሚንቶ ከፍ አድርጉት። ቀን ቀን ዝናብ በሌለበት ሰዓት መስኮቶቿን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጉ። ወንበሩ ላይ ሻጋታ ከታየ በለስላሳ ሳሙና በረጠበ ጨርቅ አብሳችሁ በጥላ አድርቁት፤ የጫማ ቀለም ፈጽሞ እንዳይነካው፤ የቆዳውን ቀዳዳ ይደፍንና ያደርቀዋል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውሃ ስለሚስብ በሁለት ዓመት አንዴ መለወጥ አለበት፤ ራዲያተሩም ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ፀረ ዝገት ያለበት ውሃ እንጂ የቧንቧ ውሃ ብቻ አይበቃውም።

ለሚነካት ሜካኒክ ሁሉ ሁለት ነገር ይንገሩልኝ። ብሎኖቿ የሚፈቱት በኢንች ቁልፍ ነው፤ በሚሊ ሜትር ቁልፍ ሲታገሏቸው ጠርዛቸው ይድጣል፤ ሦስት የዳጡ ብሎኖች አይቼባታለሁ። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። በዛሬ መኪኖች የባትሪው ነጌቲቭ ከቦዲው ጋር ሲታሰር፣ በዚህች መኪና ግን ከቦዲው ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው። ይህን የማያውቅ ኤሌክትሪሺያን ባትሪውን በለመደው መንገድ ካሰረው ወይም ዘመናዊ ሬዲዮ ከገጠመባት ጉዳት ያደርሳል። ባትሪው አጠገብ በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ።

በመጨረሻ የእንጨቱ ነገር። ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው ቫርኒሽ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ጠርዙ ላይ ልባሱ በጥፍር ስፋት ተነሥቷል። ለዚህ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግዎትም። ጅማ በእንጨት ሥራ የታወቀች ከተማ ነች፤ ዋንዛን እየጠረበ ያደገ አናጢ የእንጨትን ጅማት ማንበብ ያውቃል። ከነሱ መካከል ረጋ ያለ፣ ዕድሜው የገፋ ሰው መርጠው የተነሣውን ጠርዝ ብቻ በሙጫ መልሶ እንዲያጣብቅ፣ ቫርኒሹንም መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ላይ እንዲሞክር ያድርጉ። ታላቅ ወንድምዎ በኋላው ጠረጴዛ ላይ ያለውን የሲኒ ክብ በብርጭቆ ወረቀት እንዲጠፋ ጠይቀውኛል። ልባሱ ስስ ስለሆነ ብርጭቆ ወረቀት ቢነካው እንጨቱ ራሱ ተፍቆ ያልቃል፤ ይህ የሙያ ምክንያት ነው። ከዚያ በተረፈ ግን ያ ክብ ማን፣ መቼና የት ሲጠጣ እንደ ተተወ እናትዎን ይጠይቁልኝ፤ ወሊሶ ላይ እንደ ሆነ ሲናገሩ ሰምቻቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ አጎቴ ያቆዩት ሮቨር 3 ሊትር መሪው በቀኝ በኩል ነው። ሰዎች «ይህ ለእኛ ሀገር የማይሆን መኪና ነው፤ መሪው ወደ ግራ ካልዞረ ዋጋ የለውም» ይሉናል። እናስለውጠው? (ከአጋሮ)

መልስ፦ አታስለውጡት። ኢትዮጵያ ከግራ መንዳት ወደ ቀኝ መንዳት የተሸጋገረችው በሰኔ 1956 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ለተሠራ መኪና የቀኝ መሪ የዘመኑ ምስክር ነው። መሪ ማዞር መሪውን ብቻ ማንሣት አይደለም፤ የፔዳሎቹ፣ የፍሬኑና የእንጨቱ ሰሌዳ አቀማመጥ ሁሉ ስለሚለወጥ፣ እንዲህ ያለውን ሥራ በአግባቡ ሠርቶ የሚጨርስ ጋራዥ እስካሁን አላየሁም። ሮቨር 3 ሊትር የእንግሊዝ ሚኒስትሮች ይሳፈሩበት የነበረ ረጋ ያለ መኪና ነው፤ በዚያው እርጋታው ይነዳ። ከፊት ያለውን መኪና ለመቅደም ስትፈልጉ ግን መንገዱ ስለማይታያችሁ ከጎን የሚቀመጥ ሰው ይዛችሁ ውጡ። በመንገድ ላይ ለማዋል ስለሚያስፈልገው ፈቃድ የአካባቢያችሁን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ አንድ ደላላ «ምንም ያልተነካ ጃጓር ማርክ 2» አለኝ ይለኛል። እውነቱን መሆኑን እንዴት ላረጋግጥ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሊብሬውን ይዘው በመኪናው ላይ ከተለጠፈው የብረት ሰሌዳ ጋር ያስተያዩ። የሞተሩ ቁጥር በሞተሩ አካልም በቴስታታውም ላይ ተመትቷል፤ ሁለቱ መመሳሰል አለባቸው። ከቁጥሩ ቀጥሎ በሰያፍ መስመር የተለየ 7፣ 8 ወይም 9 ያገኛሉ፤ ይህ የሞተሩን የመጭመቅ መጠን የሚናገር ነው፤ የጠፋ ወይም የተፋቀ ከሆነ ምክንያቱን ይጠይቁ። እንግሊዝ ሀገር ያለው የጃጓር ዳይምለር የቅርስ ተቋም፣ ቁጥሩን ለሚልክለት ባለቤት መኪናው መቼ እንደ ተሠራና መጀመሪያ ምን ቀለም እንደ ነበረው የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በክፍያ ይሰጣል፤ ደላላው ከሚነግርዎት ይልቅ ያንን ይመኑ።

ከዚያ በቀጭን ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት ይዘው በሮቹን ከግርጌያቸው፣ ፓራፋንጎዎቹንም ከጎማው በላይ ይዳስሱ፤ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ሥሩ ስቱኮ ነው። በመጨረሻም የኋላውን ሻንጣ ቤት ከፍተው ትርፍ ጎማውን ይዩ። ፋብሪካው የመኪናዋን መፍቻዎች ከጎማው ቸርኬ መካከል በሚገባ ክብ ሣጥን ውስጥ አድርጎ ነበር የሚሰጠው። ብዙዎቹ ሣጥኖች በየመንገዱ ጠፍተዋል። ሣጥኑ ከነመፍቻዎቹ በቦታው ካለ፣ መኪናዋ ዕድሜዋን ሙሉ በጥንቁቅ ሰው እጅ እንደ ኖረች ጥሩ ምልክት ነውና፣ በዋጋው ላይ ቢደራደሩ አይጎዱም።